የጆሮ መደፈን፦ መቼ ቀላል፣ መቼ አጣዳፊ?

የሰው ንግግር ከግድግዳ ማዶ እንደሚመጣ ታፍኖ ሲሰማ የዕለት ተዕለት ኑሮ ይከብዳል። ከአገር ውጭ በሥራ ላይ ለሚገኙ ወገኖች ደግሞ ችግሩ ድርብ ነው። ገና በሚለመድ ቋንቋ የተሰጠ ትእዛዝ በግማሽ ሲሰማ፣ ሠራተኛው ቋንቋው እንዳልገባው ወይም ሥራውን ችላ እንዳለ ይቆጠራል። በግንባታ ቦታም የማስጠንቀቂያ ድምፅን አለመስማት ለአደጋ ይዳርጋል።

ብዙ ጊዜ መንስኤው ቀላል ነው። ኩክ ጆሮን ከአቧራና ከውኃ የሚጠብቅ ሲሆን በአብዛኛው ራሱ ቀስ በቀስ ይወጣል። በጥጥ ዘንግ፣ በክብሪት እንጨት ወይም በፀጉር ሽቦ ለማውጣት ሲሞከር ግን ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የጆሮ ታምቡርም ሊቀደድ ይችላል። ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ወደ ጆሮ የሚጨመር ዘይት ወይም የቅጠል ጭማቂ ጉዳቱን ያባብሳል። ጉንፋን ሲይዝ ወይም አውሮፕላን ሲያርፍ የሚሰማው መደፈን ደግሞ የመካከለኛውን ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ቱቦ በመዘጋቱ የሚመጣ ነው። በአውሮፕላን ጉዞ ምራቅ መዋጥና ማስቲካ ማኘክ ይረዳል።

ከሥራ መልስ ጆሮ የሚታፈን ወይም የሚጮህ ከሆነ ግን ምልክቱ ሊናቅ አይገባም። በብዙ የሥራ ጤና መመሪያዎች መሠረት 85 ዴሲቤል ድምፅ ባለበት ቦታ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት አይመከርም፤ ድምፁ 88 ሲደርስ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በአንድ ክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ የጆሮ መከላከያ ማድረግ ይገባል። የሞቱ የውስጥ ጆሮ ሕዋሳት ተመልሰው አይበቅሉምና።

ከሁሉ በላይ አጣዳፊ የሚሆነው አንድ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ መስማት ሲያቆም ነው። ሕመም ስለሌለው ብዙዎች «ኩክ ነው፤ ይለቃል» ብለው ይጠብቃሉ። ሆኖም የውስጥ ጆሮ ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የሚሰጡት የስቴሮይድ መድኃኒቶችም ይበልጥ የሚጠቅሙት ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው። ስለዚህ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። ከጆሮ ፈሳሽ መውጣት፣ ብርቱ ሕመም፣ ማዞር ወይም የፊት መጣመም ሲኖርም እንዲሁ ነው።

ለሐኪሙ መቼ እንደጀመረ፣ በአንድ ወይስ በሁለቱም ጆሮ እንደሆነ እና ሌላ ምን ምልክት እንዳለ መንገር ምርመራውን ያፋጥናል። ቋንቋ ካስቸገረ እነዚህን ሦስት ነገሮች አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው በወረቀት ማስጻፍ ይጠቅማል። አሠሪም «ደጋግሜ ብነግራትም አትሰማም» ከማለቱ በፊት ጆሮዋን ማስመርመሩ ተገቢ ነው።