የመሥሪያ ቤት ስምና ዓርማ ለሕዝብ ጤና ያለው ጥቅም

በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ ስለ ሁለት ነገር ይጠቅማል። በውስጡ ያለው ምን እንደ ሆነ ይነግራል፤ ማን እንዳዘጋጀውም ያስታውቃል። ጽሑፉ ከጠፋበት ጠርሙስ አስተዋይ ሰው አይጠጣም። የጤና ምክርም እንዲሁ ነው። ዛሬ ምክር በታተመ ወረቀት ብቻ ሳይሆን በኢንተርኔት ገጽ ጭምር ስለሚደርሰን፥ የመሥሪያ ቤቱን ስምና ዓርማ እንደ ጠርሙሱ ጽሑፍ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል።

ጥንቃቄው የሚያድነው ከምን እንደ ሆነ በ2012 ዓ.ም. አይተናል። የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ከእውነተኛው ምክር ጋር ብዙ ሐሰተኛ ወሬ ስለ ተነዛ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ነጭ ሽንኩርት መብላት በሽታውን ለመከላከሉ ማስረጃ እንደሌለ እስከ ማስታወቅ ደርሷል። ወሬውን አምኖ እጁን መታጠብ የተወ ሰው ጉዳቱ ለራሱና ለቤተ ሰቡ ነው።

ስለ ስም ከቅርባችን እንጀምር። ከተማችን በአንዱ ጽሑፍ እንጅባራ፥ በሌላው እንጂባራ፥ በሌላውም ኢንጅባራ ተብላ ትጻፋለች። የቀድሞው ስሟም አንድ ጊዜ ኮሶበር፥ አንድ ጊዜ ቆሰበር ይባላል፤ አባቶቻችን የሆድ ትል ያስወጡበት የነበረውን የኮሶን ዛፍ ያስታውሳል። የስም መብዛት ለጨዋታ መልካም ነው፤ በኮምፒዩተር ለሚፈልግ ሰው ግን አንዲት ፊደል ስትለወጥ የሚሻውን ገጽ ልታሳጣው ትችላለች። የመሥሪያ ቤት ስም መለወጥም እንዲሁ ያደናግራል። የምግብ፥ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ባለሥልጣን ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት፥ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተብሏል። የዱሮውን ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው አዲሱን ገጽ ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ስለ ዓርማ ደግሞ ከሁሉ የሚያስተምረው የቀይ መስቀል ታሪክ ነው። ይህ ምልክት በ1864 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ በተደረገው ስምምነት የተወሰነ ሲሆን፥ በጦርነት ጊዜ ቁስለኞችንና ሐኪሞችን የሚጠብቅ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቁሟል። ብዙ ሰው ግን ምልክቱ የሕክምና ሁሉ መለያ ስለሚመስለው፥ ያለ ፈቃድ በክሊኒክና በመድኃኒት ቤት ሰሌዳ ላይ ሲሣል ይታያል። የሁሉ የሆነ ምልክት የማንም መለያ አይሆንም፤ በጦር ሜዳም የሚሰጠው ጥበቃ ይደክማል።

በኢንተርኔት ላይ ዓርማን መቅዳት የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ከዓርማው ይልቅ የገጹን አድራሻ መመርመር ይበልጣል። በአገራችን የመንግሥት መሥሪያ ቤት አድራሻ መጨረሻው «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ነው፤ የጤና ሚኒስቴርም ገጽ በዚሁ ይጨርሳል። የእንግሊዝ መንግሥት በ2012 እ.ኤ.አ. የተበታተኑትን የሚኒስቴሮቹን ገጾች በአንድ አድራሻና በአንድ ዓይነት መለያ ሥር መሰብሰብ የጀመረው፥ ሕዝቡ የመንግሥቱን ቃል ሳይቸገር እንዲያውቅ ብሎ ነው።

እንግዲህ ገጽ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት የሚከተሉትን ቢጠብቅ ይበጃል፤

፩ኛ፤ በሕግ የተሰጠውን ስም ሳያሳጥር በአንድ ዓይነት ፊደል ይጻፍ።
፪ኛ፤ ስሙ ሲለወጥ «ቀድሞ እንዲህ ይባል የነበረ» የሚል ቃል ለጊዜው ይጨምር።
፫ኛ፤ አንድ ዓርማ ብቻ ይያዝ፤ ቅርጹንና ቀለሙን አይለዋውጥ፤ ቀይ መስቀልንም ለጌጥ አያድርግ።
፬ኛ፤ በማናቸውም ማስታወቂያ ላይ ቀኑን ይጻፍ።

አንባቢም በበኩሉ አድራሻውን፥ ስሙንና ቀኑን ሳያይ ምክሩን ለጎረቤቱ አያስተላልፍ። መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁ ውሃ ከመጠጣታቸው በፊት ንጽሕናውን እንዲመረምሩ እንደምታስተምሩ ሁሉ፥ የሚያነቡት ቃል ከየት ምንጭ እንደ ተቀዳም እንዲጠይቁ አስተምሯቸው። የደፈረሰ ምንጭ ሆድን እንደሚያውክ፥ ምንጩ ያልታወቀ ምክርም ቤተ ሰብን ያውካል።