ቁልቁለቱ ነው የሚያስረጅ
የዲንሾ አስጎብኚ ጤናውን ጠብቆ ለረጅም ዓመታት እንዲሠራ ሳይንስ ምን ይላል?

በባሌ በምትገኘው የዲንሾ ከተማ አቅራቢያ በሚፈሱት የዌብና የዳንቃ ወንዞች ውስጥ ትራውት የተባለው ዓሣ ይገኛል። ዓሣው ለባሌ መጤ ነው፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ይጨንቀዋል፤ የባሌ ደጋ ቀዝቃዛ ወንዝ ግን ተስማማውና ረባ። ይህን ዓሣ ፍለጋ ዘንግ ይዞ የሚመጣ እንግዳ ብቻውን አይወጣም። ወንዙን የሚያውቅ፣ ዓሣው የሚያደፍጥበትን ጥግ የሚያሳይ፣ እንግዳው ሲያዳልጠው ክንዱን ቀብ የሚያደርግ የአካባቢው አስጎብኚ አብሮት አለ።

ይኸው አስጎብኚ ዓሣ አጥማጅ ሲጠፋ የደጋ አጋዘን ለማሳየት ወደ ጋይሳይ፣ ቀይ ቀበሮ ለማሳየት ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለሥራው ተስፋ ሰጥቶታል። ነገር ግን ሥራው ቢቀጥል ሰውነቱ እስከ መቼ ይቀጥላል? ሃያና ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ መቆየት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ምን እንደሚጎዳው ለይቶ ማወቅ አለበት። ብዙ ሰው የሚፈራው የአየሩን መሳሳትና ዳገቱን ነው። ለአገሩ ልጅ ግን ከእነዚህ ይልቅ ጠላቶቹ ቁልቁለት፣ የረጠበ እግርና ከረጅም ዕረፍት በኋላ ድንገት የሚመጣ ሥራ ናቸው።

የሳንባው ውርስ

ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 4,377 ሜትር በሚደርሰው በቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸውና እንቅልፍ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ሰው ግን በባሌ ተራሮች ላይ መኖር የጀመረው ትናንት አይደለም። በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የፊንጫ ሀበራ የድንጋይ መጠለያ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት እዚያ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ዋና ምግባቸውም ዛሬ ቀይ ቀበሮ የሚያድነው ግዙፉ ፍልፈል ነበር።

የዛሬዎቹ የኢትዮጵያ ደገኞች ሰውነትም ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች በደማቸው ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም እንደማይለይ ታውቋል። ከ10 ዓመት በኋላ በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የባሌ ደጋ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን ያያያዙት ሕዝቦቹ በከፍታ ላይ ከኖሩበት ዘመን ርዝመት ጋር ነው፤ የሰሜኖቹ ሺህ ዓመታት ሲቆጥሩ የባሌዎቹ 500 ዓመት ገደማ ነው።

ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ተሸካሚ ስለሆነ መብዛቱ ይጠቅማል፤ ከመጠን ሲያልፍ ግን ደሙን ያወፍራል፤ የውኃ ማነስም ይህን ያብሰዋል። በብርድ ደግሞ ሰው አይጠማውም፤ ደረቁ አየር በእያንዳንዱ ትንፋሽ እርጥበት ይወስድበታል። ስለዚህ አስጎብኚው ውኃ መጠጣት ያለበት እስኪጠማው ጠብቆ ሳይሆን በየጉዞው መሐል ነው። የሽንቱ ቀለም ከጠቆረ ውኃ አንሶታል ማለት ነው።

ለጉልበት ውርስ የለም

አባቶች ለልጆቻቸው ለስስ አየር የተመቸ ደም ያወርሱ ይሆናል፤ ለቁልቁለት የተዘጋጀ ጉልበት ግን አያወርሱም። ዳገት ሲወጡ ልብና ሳንባ ይደክማሉ፤ ድካሙም ቆም ሲሉ ይወጣል። ቁልቁለት ሲወርዱ ትንፋሽ ቀለል ስለሚል ሥራው የቀነሰ ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው፤ ጫናው ከሳንባ ወደ ጉልበት ተዛውሯል።

ይህን በቁጥር ያሳዩን በጀርመን አገር መለኪያ የተገጠመለት ሰው ሠራሽ ጉልበት የተተከለላቸው ሕመምተኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ሜዳ ላይ ሲራመዱ ጉልበታቸው የተሸከመው የሰውነታቸውን ክብደት 2.6 እጥፍ ነው። ደረጃ ሲወጡ 3.2፣ ሲወርዱ ደግሞ 3.5 እጥፍ ደረሰ። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን አስጎብኚ በእያንዳንዱ የቁልቁለት እርምጃ አንዱን ጉልበቱን ከ225 ኪሎ ግራም በላይ ያሸክመዋል ማለት ነው። በጀርባው ሻንጣ ካዘለ የዚያን ክብደት ደግሞ በሦስት ተኩል አብዝቶ ይጨምርበት።

ጡንቻውም ቢሆን ያው ነው። ዳገት ላይ የጭን ጡንቻ እየተኮማተረ ይሠራል። ቁልቁለት ላይ ግን እየተለጠጠ ሰውነትን ይገታል። እየተለጠጠ የሚሠራ ጡንቻ ጥቃቅን ክሮቹ ስለሚሰነጠቁ ሕመሙ ወዲያው ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ይመጣል። የደከመ የጭን ጡንቻ ደግሞ እግሩን በወጉ ስለማይገታ ጫናው ወደ ጉልበት ሎሚውና ወደ ልም አጥንቱ ያልፋል። ቁርጭምጭሚት የሚወለምበትም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው የመመለሻ ሰዓት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። አጠር ባለ እርምጃ፣ ጉልበትን ጥቂት አጠፍ አድርጎ፣ ሳይሮጡ መውረድ አንዱ ነው። ሁለተኛው ዱላ ነው። በሁለት ምርኩዝ መውረድ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና እንደሚቀንስ በቤተ ሙከራ ተረጋግጧል። ወጣት አስጎብኚ ዱላ መያዝ ሽማግሌ የሚያስመስለው ከመሰለው ተሳስቷል፤ ዱላ የሚያዘው ጉልበቱ ሳይታመም ነው። ሦስተኛው ሸክምን ለፈረስ መተው ነው። ዲንሾ የፈረስ አገር ነችና ይህ ቅንጦት ሊባል አይችልም።

ድንገተኛ ሥራ

በባሌ ብዙ እንግዳ የሚመጣው ዝናቡ በሚያቆምባቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። በክረምት መንገዱ ይጨቀያል፤ እንግዳም ይቀንሳል። በእነዚያ ወራት ተቀምጦ የከረመ አስጎብኚ ኅዳር ሲገባ በተከታታይ ቀናት ከ3,100 ወደ 4,000 ሜትር ሲወጣና ሲወርድ ይሰነብታል። ለጉዳት የሚዳርገው የሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን ከምንም ተነስቶ ወደ ብዙ መዝለሉ ነው።

ጡንቻ በጥቂት ሳምንት ይጠነክራል። ጡንቻን ከአጥንት የሚያገናኘው ጅማት ግን ደም በብዛት አይደርሰውም፤ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ጡንቻው «እችላለሁ» ሲል ጅማቱ ገና አልደረሰም። የተረከዝና የጉልበት ጅማት ሕመም የሚጀምረው በዚህ መሐል ነው። በሌላ በኩል፣ አንድ ጊዜ በልኩ የተሠራ የቁልቁለት ጉዞ ጡንቻውን ለሚቀጥለው ያዘጋጀዋል፤ ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ባነሰ ሕመም ያልፋል። ይህ ጥበቃ ሳምንታት ይቆያል።

ስለዚህ ዝግጅቱ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ በደጃፍ ሊሠራ ይችላል። ድንጋይ ወይም ደረጃ ላይ ቆሞ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውረድ የጭን ጡንቻን ያለማምዳል። በእግር ጣት ቆሞ ተረከዝን ከደረጃው ጠርዝ በታች ቀስ ብሎ ማውረድ የባትና የተረከዝ ጅማትን ያጠነክራል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ መሐል ላይ ዕረፍት እየሰጡ መሥራት ይበቃል። ዕረፍቱ የስንፍና አይደለም፤ ጅማት ራሱን የሚጠግነው በዕረፍቱ ቀን ነው።

ለዓሣው የተመቸ ውኃ

ለትራውት የሚስማማው ቅዝቃዜ ለሰው እግር አይስማማም። ውኃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ገደማ በፍጥነት ሙቀት ይነጥቃል። የሰው ደም ሥር ሙቀቱን ለማዳን ሲል ይጠባል፤ እግር ደም ያንሰዋል። ውኃው በረዶ ባይሆን እንኳ፣ በ10 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለሰዓታት የቆየ ወይም ቀኑን ሙሉ በረጠበ ካልሲ የዋለ እግር ነርቩ ይጎዳል። መጀመሪያ ይደነዝዛል፤ ሲሞቅ ያብጣል፣ ያቃጥላል። በተደጋጋሚ ከደረሰበት በኋላ ትንሽ ብርድ ሲነካው የሚያመው እግር ሆኖ ይቀራል።

ውኃ ውስጥ ሲገቡ ውኃ የማያስገባ ቦቲ ጫማ መልበስ፣ በየተወሰነ ጊዜ ወጥቶ መራመድ፣ ደረቅ የሱፍ ካልሲ በፌስታል ጠቅልሎ መያዝና ማታ እግርን አጥቦ ማድረቅ ብዙ ያድናል። የቀዘቀዘ እግርን እሳት ዳር መለብለብ ግን ስሜት የሌለውን ቆዳ ያቃጥላል። አረቄም አያሞቅም። ደም ሥርን ከፍቶ ሙቀቱን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ለጊዜው የሞቀ ያስመስላል እንጂ ሰውነትን ያበርዳል።

ጫማ ሌላም ጥቅም አለው። በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በባዶ እግር ከእሳተ ገሞራ ከመጣ ቀይ አፈር ጋር በመነካካት በሚመጣው የእግር እብጠት ይሠቃያሉ፤ ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው ነው። የፈረስ ጎታች ልጆች በባዶ እግራቸው እንዳይከተሉ ማድረግም የአስጎብኚው ኃላፊነት ነው።

ዓይን፣ ትከሻ፣ ውሻ

ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሳነቴ ላይ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ፀሐዩን ያስረሳል እንጂ አይቀንሰውም። ለዓመታት ያልተጠበቀ ዓይን ለሞራ ይጋለጣል። ሰፊ ባርኔጣና ጨረር የሚከላከል መነጽር የሥራ ዕቃ ናቸው። ነጸብራቅ የሚያጠፋው ፖላራይዝድ መነጽር ደግሞ ከውኃው በታች ያለውን ዓሣ ያሳያል፤ ከሚወረወር መንጠቆም ዓይንን ያድናል።

ዘንግ ደጋግሞ መወርወር ትከሻንና ክርንን ይጎዳል። ክንድን ከትከሻ በላይ ሳያነሱ፣ ክርንን ከጎን ሳያርቁ መወርወር ጫናውን ይቀንሳል። ክርኑ የሚያመው ሰው ለጥቂት ቀናት ወርውሮ ማሳየቱን ትቶ በቃል ያስረዳ።

የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በባሌ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከመንደር ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች እየተላለፈ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። አስጎብኚ ከውሻ ጋር በየመንገዱ ይገናኛል። ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ሮቤ ወይም ወደ ጎባ መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ጭኮና ሽሮ

ብርድና ከፍታ ብዙ ጉልበት ይበላሉ። የባሌ ገበሬ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅቤ የሚለወስበት ጭኮ በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ሳይበላሽም ይቆያል። ጡንቻን ለመጠገን ግን ፕሮቲን ያስፈልጋል። ማታ ሽሮ፣ ወተት፣ እንቁላል ወይም ዓሣ መጨመር የነገውን እግር ያዘጋጃል። በስኳር ሻይና በብስኩት ብቻ የሚውል አስጎብኚ ከቀትር በኋላ የሚዝለው ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ሰዓት ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ጥንቃቄ ብቻ አይሞላም። ተራ የሚደለድሉ የአስጎብኚ ማኅበራት ሳነቴ ደርሶ ለተመለሰ አባል በማግሥቱ ቀላል የወንዝ ዳር ተራ ቢሰጡት ገቢው ሳይቋረጥ ጅማቱ ያርፋል። የጉዞ ድርጅቶችም ጥሩ ጫማን፣ መነጽርንና ዱላን ከአስጎብኚው ኪስ የሚወጣ ወጪ አድርገው ባይተዉት ይበጃል። ወጣቱ አስጎብኚም ጉልበቱን መንከባከብ ሕመም እስኪጀምረው አይጠብቅ፤ የተበላ ልም አጥንት ተመልሶ አይበቅልም።