ለአማርኛ ጽሑፍ እጅ የማያደክም ኪቦርድ እንዴት እንምረጥ?

ሆሎዌይ ሮድ ላይ ካሉት መደብሮች ገብታችሁ ኪቦርድ ብትጠይቁ የምታገኙት በአብዛኛው በብሪታንያ አቀማመጥ የተሠራውን ነው። ለእንግሊዝኛ ብዙም አያስቸግርም። ቤታቸው ተቀምጠው ሰነድ ለሚተረጉሙ ወይም የዕድር ደብዳቤ በአማርኛ ለሚጽፉ ግን የሺፍት ቁልፍ ስፋት የእጅ ጤና ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንደ ኪማን ባሉ፣ በድምፅ አወጣጥ በሚጻፍባቸው ሶፍትዌሮች አብዛኛው ፊደል 2 ቁልፍ ይፈልጋል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ አንዱ ለአናባቢው። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ኘ እና ጰ ደግሞ ሺፍት ይጨምራሉ። «ጠጣ» ብሎ ለመጻፍ 4 ፊደልና 2 ጊዜ ሺፍት መንካት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የምትሸከመው ትንሿ ጣት ናት።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት 3 ነገሮችን እዩ።

የቀኝ ሺፍት፦ ጠ፣ ጨ እና ጸ የሚጻፉባቸው ቲ፣ ሲ እና ኤስ በግራ እጅ ስለሚነኩ ሺፍቱን የሚይዘው ቀኝ እጅ ነው። በትንንሽ ኪቦርዶች ላይ ይህ ቁልፍ ለቀስቶቹ ቦታ ሲባል ያጥራል፤ ሰፊውን ምረጡ።

የግራ ሺፍት፦ ለኘ እና ለጰ ያገለግላል። በብሪታንያ አቀማመጥ ከዜድ ጎን አንድ ቁልፍ ስለተጨመረ አጭር ነው፤ በአሜሪካው ይረዝማል።

የቁልፉ ክብደት፦ መካኒካል ከሆነ፣ 45 ግራም ያህል ግፊት የሚበቃው «ቀይ» ለረጅም ጽሑፍ ይቀላል።

አዲስ መግዛት ካልቻላችሁ፣ በዊንዶውስ ላይ ሺፍትን 5 ጊዜ ተጭናችሁ «ስቲኪ ኪይስ»ን አብሩ። ከዚያ በኋላ ሺፍትን ይዞ መቆየት ቀርቶ አንዴ ነክቶ መልቀቅ ይበቃል።