ካሳ፦ ለጎደለው የሚወጣ ስም

«ካሳ» የተባለው ነባር የወንድ ስም «ካሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ትርጉሙም ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ነገር የሚሰጥ ምትክ ማለት ነው፤ ቃሉ እስከ ዛሬ በፍርድ ቤት ለደረሰ ጉዳት የሚከፈለው ገንዘብ መጠሪያ ነው። ትግርኛ «ካሕሳ» ብሎ የጉሮሮውን ድምፅ እንደጠበቀ ሲቆይ፣ አማርኛ «ሕ»ን ከአነጋገሩ ስላጣ ቃሉ አጥሯል፤ የትግርኛው «ካሕሳይ» የዚሁ ስም ወንድም ነው።

ስሙ በተለይ የሚወጣው ቤተሰቡ ልጅ ወይም የቅርብ ዘመድ ከሞተበት በኋላ ለተወለደ ሕፃን ስለሆነ፣ እንደ «ምትኩ»ና «ማስረሻ» ሁሉ ከተሰያሚው ይልቅ ስለ ሰያሚዎቹ ሐዘን ይናገራል። ከዚሁ ከተራቡት ስሞች «ካሳዬ» የወላጅን መጽናናት ሲገልጽ፣ «ካሳነሽ» ለሴት ልጅ ይወጣል፤ «ካሳሁን» ግን ለሕፃኑ የተሰጠ ትእዛዝ ነው፤ ዓይኑን በቅጡ ላልገለጠ ልጅ ከባድ ሸክም መሆኑ አይካድም። እርግጥ ስሙ ለዘመድ ማስጠሪያም ስለሚወጣ፣ ካሳ የተባለ ሁሉ በሐዘን ማግሥት የተወለደ ነው ማለት አይቻልም።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለት ካሳዎች ለዙፋን በቅተው ስሙን ትተውታል። የቋራው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የትግራዩ ካሳ ምርጫ ደግሞ በጥር 1864 ዓ.ም በአክሱም ሲነግሡ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተብለዋል፤ ንጉሥ ሲቀባ ከወላጆቹ ያገኘውን ስም በስመ መንግሥት መለወጡ የተለመደ ነበርና። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ገና ደጃዝማች የነበሩት የትግራዩ ካሳ በግዛታቸው እንዲያልፍ ፈቅደዋል፤ ጦሩ የሄደው የቀድሞውን የቋራውን ካሳ ለመውጋት ነበር። ሁለቱ የማይዛመዱ ሰዎች በአንድ ስም ተጠርተው በአንድ ዘመቻ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ተገናኝተዋል።

ከእነርሱ በኋላ በዚህ ስም ከታወቁት መካከል በ1928 ዓ.ም ጣሊያንን ለመውጋት በሰሜን ግንባር የዘመቱት ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ይገኛሉ። በቀጣዩ ዓመት፣ እርሳቸው በስደት ሳሉ፣ ሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ወንድወሰን፣ አበራና አስፋወሰን በጣሊያኖች እጅ ተገድለዋል፤ ከወንዶች ልጆቻቸው የተረፈላቸው ዐሥራተ ካሳ ብቻ ነበር።