ነጻ የሕግ ምክር ለድኻውም ለነጋዴውም የሚሰጠው ጥቅም

«ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» የሚለው የአበው አነጋገር የኢትዮጵያ ሕዝብ ፍርድን ምን ያህል እንደሚያከብር ያስረዳል። ሰው በቅሎን የሚያህል ሀብት በፍርድ ቢያጣ ተከራክሮ ተረትቷልና ይታገሠዋል፤ አንዲት ጭብጦ እንኳ ብትሆን ያለ ፍርድ ከተነጠቀችው ግን ቂሙ ከልቡ አይወጣም። ይሁን እንጂ ለመርታትም ሆነ ለመረታት አስቀድሞ ከዳኛ ፊት መድረስ ያስፈልጋል። ከዳኛ ፊት ለመድረስም የዳኝነት ገንዘብ፣ የጠበቃ ዋጋ፣ የማመልከቻ ማስጻፊያ አለ፤ ከዚህም በላይ ሥራ ፈትቶ የሚመላለሱበት ቀን ሁሉ ወጪ ነው። ይህ ወጪ ትልቁን አስመጪ ባያሳስበው እንኳ የመደብሩን ሠራተኛ፣ ዕቃ በዱቤ የሚወስደውን የጉልት ነጋዴ፣ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሻይ የምትሸጠውን ሴት ከፍርድ ቤት በር ይመልሳቸዋል።

ስለዚህ ሕግ ማውጣት ብቻውን ፍትሕን ለሁሉ አያዳርስም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በአንቀጽ 20 ደግሞ በወንጀል የተከሰሰ ሰው ለጠበቃ የሚከፍለው አጥቶ ፍትሕ የሚጓደልበት ሁኔታ ሲያጋጥም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት አዝዟል። እንግዲህ በወንጀል የተከሰሰው ድኻ ተከላካይ ጠበቃ የሚያገኝበት በር ተከፍቶለታል። በብድር፣ በደመወዝ፣ በኪራይ፣ በውርስ ወይም በቀለብ ለሚከራከረው ድኻ ግን ይህ የአንቀጽ 20 ዋስትና አይደርሰውም። ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡ ማዕከሎች የሚደክሙት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አሳቡ ከየት ተነሣ

በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የእንግሊዝ አገር ምሳሌ ነው። በዚያ አገር «የዜጎች ምክር መስጫ» የሚባሉት ቢሮዎች ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣበት ሰሞን፣ በመስከረም ወር 1939 እ.ኤ.አ.፣ 200 ያህል ሆነው በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። ወደ እነርሱ ይመጣ የነበረውም ቤቱ በቦምብ የፈረሰበት፣ የራሽን ደብተሩ የጠፋበት፣ ዘመዱ የደረሰበትን ያላወቀ፣ ወይም ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ነበር። አማካሪዎቹ አብዛኞቹ ጠበቆች አልነበሩም፤ ሥልጠና አግኝተው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የሰፈር ሰዎች ነበሩ እንጂ። ከዚያ በኋላ በ1970 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ፣ ኖርዝ ኬንሲንግተን በሚባለው ሰፈር፣ ጠበቆች በድኾች መኻል ቢሮ ከፍተው የሚሠሩበት የመጀመሪያው የሕግ ማዕከል ተቋቋመ።

ከእነዚህ ቢሮዎች ሥራ አንድ ትልቅ ትምህርት ይገኛል። ይኸውም ብዙ ሰው የሚያስፈልገው በችሎት ቆሞ የሚከራከርለት ጠበቃ ሳይሆን በእጁ የያዘው ወረቀት ምን እንደሚል አንብቦ የሚነግረው፣ መብት አለህ ወይም የለህም ብሎ የሚያስረዳው፣ ቀን ሳያልፍበት ወደ ተገቢው ቢሮ የሚመራው ሰው መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ ያለው አገልግሎት

በኢትዮጵያም የተጣላን ማስታረቅና የተቸገረን መምከር የሽማግሌ የቆየ ሥራ ነው። ሽማግሌ ግን በጥልቀት የሚያውቀው ሰውንና ልማድን ነው። የይርጋን ቀንና የውልን አጻጻፍ የሚያውቅ ሕግ የተማረ ሰው ሲጨመርበት ምክሩ ሙሉ ይሆናል።

ዛሬ ይህን አገልግሎት ከሚሰጡት መካከል የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳ፣ የጅማ፣ የሐረማያና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎችን በማቋቋም ችግረኛውን ሲረዱ ቆይተዋል፤ ከመምህራን ጋር የሚሠሩ ተማሪዎችም በዚያው ሙያቸውን ይለማመዳሉ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ደግሞ ለሴቶች ነጻ ምክርና ጥብቅና በመስጠት የታወቀ ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው መሾማቸው ይታወሳል።

ጠበቆችም ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደሉም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ደንግጎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249ም የነጻ አገልግሎትን ግዴታ አልተወውም። ከዚህ ሌላ በ1958 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ፣ የዳኝነት ገንዘብ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ያለውን ንብረት ዘርዝሮ በማስረዳት ሳይከፍል ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። ይህን በር የማያውቅ ብዙ ሰው መብቱን ትቶ ቀርቷል።

ማዕከሎቹ የሚሠሩት ሥራ በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው ምክር ነው። ሁለተኛው ማመልከቻ፣ ክስና መልስ መጻፍ ነው። ሦስተኛው ሁለቱን ወገኖች ጠርቶ ማስማማት ነው። አራተኛው ጉዳዩ ከባድ ሲሆን በፍርድ ቤት ስለ ባለጉዳዩ ቆሞ መከራከር ነው። ማዕከሎቹ ዳኞች ስላልሆኑ ፍርድ አይሰጡም። አንዱን ወገን የመከሩበትን ጉዳይ ለሌላውም ወገን ሊይዙት አይገባም። ለመክፈል አቅም ያለውን ሰው ደግሞ ወደ ጠበቃ ይመልሱታል፤ ብዙውን ጊዜም አቅም ማጣቱን የሚያስረዳ ማስረጃ ባለጉዳዩን ይጠይቁታል።

ነጋዴውን የሚመለከተው በምንድን ነው

አንዳንድ ነጋዴ ይህን ሲሰማ «ሠራተኛዬ በነጻ መካሪ ካገኘ እኔን መክሰሱ አይደለምን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው በቅንነት ሊመለስ የሚገባው ነው። አዎን፣ መብቱ የተነካበት ሠራተኛ ምክር ካገኘ ይከሳል። ሆኖም መብት የሌለውን ሰው «መብት የለህም» ብሎ የሚመልሰው ያው አማካሪ ነው። ከፍርድ ቤት በር ራፖር ጸሐፊ ዘንድ የሄደ ሰው ግን የሚከፍለው ለጽሑፉ ስለ ሆነ፣ ክሱ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን የሚመረምርለት ላያገኝ ይችላል። እንዲህ ባለ ክስ ተከሳሹ ነጋዴ ቢረታም እንኳ የባከነውን ቀን የሚመልስለት የለም።

ለምሳሌ የደመወዝን ነገር መመልከት ይቻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ በ3 ወር፣ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል። ይህን የሚያውቅ አሠሪ ሠራተኛውን «የሚቀጥለው ሳምንት ና» እያለ ስድስቱን ወር ቢያስጨርሰው በሕግ በኩል ያመለጠ ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ሠራተኛ የሰፈሩ ሰው፣ የዕድሩ አባል፣ የደንበኞቹ ዘመድ ነው። ያለ ፍርድ የሄደችውን ጭብጦ በየሄደበት ያወራታል፤ ሱቁም ስሙን ያጣል። በሁለተኛው ሳምንት አማካሪ ዘንድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ደብዳቤና በአንድ ቀን ንግግር ባለቀ ነበር።

አላዋቂነት የሚጎዳው ሠራተኛውን ብቻ አይደለም። ትልቁ ድርጅት ነገረ ፈጅ አለው፤ ትንሹ ባለሱቅ ግን በሕግ ፊት ከሠራተኛው ብዙም አይሻልም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን በነጋዴዎች መካከል የሚደረግ ብድር ሁሉ ከዚህ ልክ በላይ ነው ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በጎረቤት ፊት ቆጥሮ ያበደረ ሰው አሥር ምስክር ቢጠራ ምስክሮቹ ላይረዱት ይችላሉ። «የቃል ይረሳል፣ የተጻፈ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ዋስትናም እንዲሁ ነው። ገንዘብ ተቀባይ ወይም ዕቃ ጠባቂ የሚቀጥር ነጋዴ ሁሉ ዋስ ይጠይቃል። የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ይህም ብቻ ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ በውሉ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። «ለሚያጠፋው ሁሉ ዋስ ነኝ» ተብሎ የተፈረመ ወረቀት በካዝና ቆልፎ ያስቀመጠ ነጋዴ ጉድለት በተገኘ ቀን ባዶ ወረቀት እንደ ያዘ ይረዳል። ደግሞም ሕጉ በጽሑፍ እንዲሆን ያዘዘው ውል ከተዋዋዮቹ ፊርማ ሌላ በሁለት ምስክሮች መረጋገጥ አለበት።

የጊዜውም ነገር አይረሳ። ውል አልተፈጸመም ብሎ ለመክሰስ የተለየ ሕግ ከሌለ 10 ዓመት ተሰጥቷል፤ ነገር ግን መኪና የሱቁን በር ሰብሮ ቢሄድ፣ ማለት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት፣ ካሣ የሚጠየቀው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ውል ያላከበረውን ሰው ከመክሰስ በፊትም ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ መስጠት በመደቡ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በሩብ ሰዓት ምክር የሚታወቅ ነገር ሲሆን ሳይታወቅ ከቀረ ግን የዓመታት ልፋት ያጠፋል።

ምን ማድረግ ይገባል

ነጋዴው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያደርገው የሚገባው ነገር ከመፈረሙ በፊት መጠየቅ ነው። አቅም ያለው ለጠበቃ ከፍሎ ያማክር፤ አቅም የሌለው የጉልትና የመንደር ነጋዴ በአቅራቢያው ወዳለው ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ይሂድ። ሲሄድም ውሉን፣ ደረሰኞቹን፣ የባንክ ወረቀቶቹን፣ የተጻጻፋቸውን ደብዳቤዎችና የደረሰውን መጥሪያ ሁሉ ይያዝ፤ ነገሩ የተፈጸመበትንም ቀን በትክክል ጽፎ ይቅረብ። እውነቱን ከፊል ነግሮ ከፊሉን የደበቀ ባለጉዳይ ምክሩንም በከፊል ያገኛል።

ሁለተኛው፣ አለመግባባት ሲነሣ ወደ ክስ ከመሮጥ አስቀድሞ የመስማማትን በር መሞከር ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234 በፍርድ ቤቱ በኩል የሚደረግን የማስማማት ሥራ ፈቅዷል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237ም ስለ ግልግልና ስለ ዕርቅ አሠራር ደንግጓል። በአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ሥር ያለው የግልግል ተቋምም ለከፍ ያሉ የንግድ ክርክሮች የሚያገለግል ነው። ከባዱ ውል ወደ ግልግል፣ ትንሹ ጠብ ወደ ማስማማት ቢሄድ ፍርድ ቤቱም ከጭነት ያርፋል።

ሦስተኛው፣ ለሠራተኛው መንገዱን ማሳየት ነው። የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከልን አድራሻ በመደብሩ ግድግዳ የሚለጥፍ ነጋዴ ሒሳቡ ንጹሕ እንደ ሆነ ሳይናገር ይመሰክራል። የነጋዴ ማኅበራትም ለእነዚህ ማዕከሎች ወረቀት፣ ቁሳቁስና የቢሮ ክፍል በመስጠት ቢረዱ፣ በዓመት የተወሰነ ቀንም ለአባሎቻቸው ስለ ብድር፣ ስለ ዋስትናና ስለ ኪራይ ውል ትምህርት እንዲሰጥ ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት ነው።

ንግድ በእምነት ይቆማል። ዱቤ የሚሰጠው ሰው ገንዘቡ ቢከለከል በፍርድ እንደሚያስመልሰው ስለሚያምን ነው፤ ሠራተኛው ወር ሙሉ የሚደክመውም ደመወዙ ቢቀር የሚጮኽበት ቦታ እንዳለ ስለሚያውቅ ነው። ይህ እምነት ለባለገንዘቡ ብቻ ሆኖ ለድኻው ሲቀር ግን ድኻው በዱቤም በውልም መገበያየቱን ይፈራል፤ ገበያውም በእጅ በያዘው ጥሬ ብር ልክ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ነጻ የሕግ ምክርን መርዳት ምጽዋት ብቻ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባም፤ ነጋዴው የራሱን ገበያ የሚያሰፋበት መንገድ ነውና።