«ራስዎን ያስተዋውቁን»

የሚዲያ ተቋማት የቅጥር ማስታወቂያ ለረጅም ዓመታት ቋንቋው ብዙም አልተለወጠም። «የሥራ መደቡ መጠሪያ፦ ሪፖርተር። ተፈላጊ ችሎታ፦ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ የመጀመሪያ ዲግሪ። ብዛት፦ 2። ደመወዝ፦ በስምምነት። አመልካቾች የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ...» እያለ ይቀጥልና ከታች «የፈተና ቀን በስልክ ይገለጻል» ብሎ ያበቃል። ቀድሞ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይተው፣ አሁን ደግሞ የቴሌግራም ቻናል ከፍተው ይህን የሚያነቡ ተመራቂዎች አንድ ነገር አያገኙበትም። ፈተናው ምን እንደሆነ አይነገራቸውም።

ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔ ግን በሥነ ጥበብ፣ በሚዲያና በኮሙኒኬሽን ቅጥር ላይ ስንሰማው የኖርነው «ዘመድ የሌለው አይገባም» የሚል ቅሬታ አንዱ ሥሩ እዚህ ነው ባይ ነኝ። ዘመድ ያለው ሁሉ ስልክ አያስደውልም። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው «ትርጉም ይሰጡሃል፤ ቀን አቆጣጠሩን ተጠንቀቅ፤ ዜና ጮክ ብለህ ተለማመድ» የሚል የአምስት ደቂቃ ወሬ ነው። ያችን ወሬ የሚነግረው ያጣ፣ ከክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የመጣ ልጅ ደግሞ ሌሊቱን የዜና መስፈርቶችን ከደብተሩ ሲሸመድድ ያድራል። ጠዋት ሁለቱ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ፈተናውም ለሁለቱም እኩል ነው ይባላል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. ሲጀመር፣ ቴሌቪዥን በ1957 ሲከፈት፣ ጋዜጠኝነትን በዲግሪ የሚያስተምር ተቋም አገር ውስጥ አልነበረም። ከመምህርነትም፣ ከቤተ ክህነት ትምህርትም፣ ከመድረክም ሰው ይመጣ ነበር። ድምፁ ያማረው ማይክሮፎን ፊት ይቆማል፣ ብዕሩ የቀናው ወረቀት ይሰጠዋል፤ መፈተኛው ሥራው ራሱ ነበር። መድረክና ሬዲዮም ጎረቤት ነበሩ። የመድረክ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ የተረከበት ድምፅ እስከ ዛሬ የትረካ መለኪያ ሆኖ ቀርቷል። (በነገራችን ላይ፣ አሁንም ለድምፅ ፈተና የሚቀርቡ ብዙ ወጣቶች የእሱን ድምፅ ተውሰው ነው የሚመጡት። ፈታኝ ይህን ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይለየዋል፤ አይወደውምም።)

በኋላ የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ የግል ጋዜጦችን አበዛ፤ ዩኒቨርሲቲዎች የጋዜጠኝነት ትምህርት ክፍል ከፈቱ፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ሸገርን የመሳሰሉ ኤፍ ኤሞችና የሳተላይት ቴሌቪዥኖች መጡ። በ2001 የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ከተቋቋመ በኋላም የኮሙኒኬሽን ባለሙያ የሚባለው መደብ እስከ ወረዳ ወረደ። አመልካቹ ሲበዛ ፈተናው የቢሮ ሥራ ሆነ፤ ኮሚቴ ይሰየማል፣ ነጥብ ይደመራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ለነጥብ የሚመቸው ደግሞ የትርጓሜ ጥያቄ ነው። «የዜና መስፈርቶችን ዘርዝሩ» የሚለው ለማረም ይቀላል፤ ዜና የሚጽፈውን ከማይጽፈው ግን አይለይም። ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ትርጓሜውንማ አንዴ ተፈትኖበታል። ቀጣሪው ያንኑ ደግሞ የሚጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም።

እንግዲህ ማስታወቂያው የማይለውን እዚህ እንበለው።

የጽሑፍ ፈተናው ብዙ ጊዜ ከውጭ የዜና ወኪል የተወሰደ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ ነው፤ በግማሽ ሰዓት ወደ አማርኛ ዜና ቀይሩ ይባላል። አመልካቹን የሚያስጨንቀው ትርጉሙን ያላወቀው ቃል ነው። የሚጥለው ግን ሌላ ነው። ወረቀቱ ላይ «ጃንዋሪ 5 ቀን 2017፣ በግሪንዊች ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት» የሚል አለ እንበል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ታኅሣሥ 27 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከዓመቱ ላይ ሰባት የቀነሰ 2010 ብሎ ይጽፋል፤ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ የሚቀነሰው ሰባት ሲሆን ከዚያ በኋላ ስምንት ነው። ግሪንዊችን የረሳም «ከቀኑ 9 ሰዓት» ይላል፤ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ሦስት መጨመር፣ ከዚያ ወደ አገሬው አቆጣጠር ስድስት መቀነስ ነበረበት። ፈታኙ ይህን የሚፈልገው ለተንኮል አይደለም። በዚህ ስህተት የሄደ ዜና በማግስቱ ማረሚያ ያስወጣል።

ከቀኑ የሚከፋው ቅደም ተከተሉ ነው። ዐረፍተ ነገሩን ከላይ እስከ ታች ተራ በተራ የተረጎመ ሰው አስተርጓሚነቱን እንጂ ጋዜጠኝነቱን አላሳየም። ስለ ነዳጅ ዋጋ የተጻፈ ዜና አምስተኛው አንቀጽ ላይ ምሥራቅ አፍሪካን የሚነካ ነገር ካለው፣ ለአዲስ አበባ ወይም ለጎንደር አድማጭ ያ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። ለዚህ ሸምድዶ መዘጋጀት አይቻልም። በየጠዋቱ አንድ የውጭ ዜና ወስዶ፣ ሰዓት ይዞ ጽፎ፣ ማታ ያንኑ ዜና ጣቢያዎቹ እንዴት እንዳቀረቡት ማስተያየት ግን ይቻላል። ለጥቂት ሳምንታት ይህን ያደረገ ሰው ፈተናው ላይ እጁ አይንቀጠቀጥም።

የድምፅ ፈተናው ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ብዙ ጎበዝ ሰው የሚቀረው እዚህ ነውና። አንድ ገጽ ዜና ይሰጥሃል፤ አንብብ ትባላለህ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይልህም። «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን ወይስ «ገና አልደረሰም» ያለው፣ ቀጥሎ ያለውን ቃል ሳታይ አታውቀውም። ስለዚህ ጥሩ አንባቢ ዓይኑ ከአፉ ጥቂት ቃላት ይቀድማል። ረጅም ቁጥር፣ የውጭ ሰው ስም፣ ዐራት ነጥብ የራቀው ዐረፍተ ነገርም እንዲሁ ቀድመው መታየት አለባቸው። ከመጀመርህ በፊት «አንድ ጊዜ ልመልከተው?» ብለህ መጠየቅ ነውር የለውም፤ እርሳስ ካለህ የትንፋሽ ቦታህን ምልክት አድርግበት። ስቱዲዮ ውስጥ ያሉ አንባቢዎችም ይኸንኑ ያደርጋሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ስልክህ ላይ ቅዳና በማግስቱ ስማው። ዕለቱን የሰማኸው ድምፅ ያታልልሃል።

እዚህ ላይ በግልጽ የማይነገር አንድ መስፈርት አለ፤ ቅላጼ። የጎጃም፣ የወሎ ወይም የጎንደር አነጋገር ያለው፣ አልያም አፉን በሌላ ቋንቋ የፈታ አመልካች ጥርት አድርጎ አንብቦም «ድምፁ አልሄደም» ተብሎ ይቀራል። ከጠረጴዛው በሁለቱም ወገን ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ይህን ያለው ፈታኝ ምን እንዳልሄደ ሲጠየቅ መልስ የለውም። ግልጽነት፣ ፍጥነት፣ የማጥበቅና የማላላት ስህተት ሊቆጠሩ ይችላሉ። «የአዲስ አበባ ሰው ይመስላል» የሚለው ግን ሙያዊ መለኪያ አይደለም፤ ከነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ መውጣት አለበት።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ የመተካት ሥራ ሌላ ዓይነት ፈተና አምጥቷል። እዚያ ያማረ ድምፅ ብቻውን አይበቃም። ተዋናይዋ አፏን ስትዘጋ ቃሉ ማለቅ አለበት፤ ሳይቸኮልም ሳይጎተትም። ለዚህ ተዋናይ ከዜና አንባቢ ይሻላል። የቴአትር ቤት ፈተና ከዚህ የሚጋራው ነገር አለ። ሀገር ፍቅርም ሆነ ብሔራዊ፣ መነባንብ አዘጋጅቶ የመጣን ሰው አዘጋጁ መሀል ላይ ያስቆመውና «አሁን ደግሞ የምትናገረው ነገር ውሸት መሆኑን እያወቅክ ድገመው» ሊለው ይችላል። የሚፈተነው ትዕዛዝ ተቀብሎ መለወጥ መቻሉ ነው። አንዱን መነባንብ በአንድ መንገድ ብቻ ያጠና እዚያ ይደርቃል። ፎቶ አንሺ፣ ኤዲተርና ግራፊክ ዲዛይነር ደግሞ ብዙ ማውራት አይጠበቅባቸውም። ምርጥ ምርጡን፣ ጥቂቱን ይዞ መቅረብ ነው፤ በቡድን የተሠራ ከሆነም የራስን ድርሻ በትክክል መናገር። ይህ ሙያ በአዲስ አበባ ጠባብ ሰፈር ነው፤ ሰውየው ሳይወጣ ስልክ ይደወላል።

የኮሙኒኬሽን መደብ ፈተና በተለይ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ዘንድ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። «ድርጅታችንን የሚወቅስ ዘገባ ዓርብ ማታ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ ስልክ አያነሱም። ምን ታደርጋለህ?» ይባላል። «መግለጫ አወጣለሁ» የሚል መልስ ቸኩሏል። መጀመሪያ ዘገባው እውነት መሆን አለመሆኑን ማን እንደሚያውቅ ማግኘት፣ ለጋዜጠኛው ጥያቄው እንደደረሰህና መቼ እንደምትመልስ መንገር፣ የማታውቀውን አለመካድ፤ ፈታኙ የሚጠብቀው ይህን ነው። የአሜሪካው የዕርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድ በ2017 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ ልምድ ያላቸው ብዙ ባለሙያዎች ገበያው ላይ ስላሉ፣ አዲስ ተመራቂ እዚህ መስክ በልምድ ማሸነፍ አይችልም። የሚያሸንፈው ያንን ድርጅት ከሌሎቹ አመልካቾች ይበልጥ አንብቦት ከመጣ ብቻ ነው።

የቃል ፈተናው ሁሉ የሚጀምረው ግን በአንድ ጥያቄ ነው፤ «ራስዎን ያስተዋውቁን»። አመልካቹ የትና መቼ እንደተወለደ፣ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ የት እንደተማረ ይዘረዝራል። ይህ ሁሉ ፈታኙ ፊት ባለው ፋይል ውስጥ አለ። አንዲት አመልካች «ባለፈው ክረምት ቀበና ወንዝ ዳር ያሉ ቤቶች ጎርፍ ሲገባባቸው ነዋሪዎቹን በስልኬ ቀድቼ የአራት ደቂቃ ዘገባ ሠርቻለሁ፤ የወረዳውን ኃላፊ ለማግኘት ተመላልሻለሁ፤ አሁን ብሠራው መጀመሪያ የማናግረው የወንዝ ዳርቻ ልማቱን መሐንዲስ ነው» ብትል ግን፣ ቀጣዩን ጥያቄ የመረጠችው እሷ ናት። ፈታኞቹ ስለ ኃላፊው፣ ስለ መሐንዲሱ፣ ስለ ቀረጻው ይጠይቋታል። የሠራችው ነገር ነውና አትደናገርም። ማንም ሳይቀጥራት የሠራችው መሆኑም አይቀንስባትም።

ጥያቄ ሁሉ ግን አይመለስም። «ባለትዳር ነሽ? ልጅ አለሽ? የማታ ፈረቃ እንዴት ትችይዋለሽ?» የሚለው ለወንዱ አይቀርብም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጾታ ምክንያት የሚደረግ አድልዎን ይከለክላል። «ፈረቃው በስንት ሰዓት ነው? መጓጓዣ አለው?» ብሎ ጥያቄውን ወደ ሥራው መመለስ ጨዋም ብልህም መልስ ነው። አካል ጉዳተኛ አመልካችም አዋጅ ቁጥር 568/2000 በቅጥር ላይ አድልዎ እንዳይደረግበት እንደሚጠብቀው ይወቅ። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ዜናውን በብሬይል ላንብበው ቢል ውለታ እየጠየቀ አይደለም።

ስለ «ሙከራ»ም አንድ ነገር። በወጣትነቴ አንድ ጣቢያ ለፈተና ብሎ ሙሉ ዝግጅት አሠራኝና ሳይቀጥረኝ ቀረ፤ ዝግጅቱን ግን ታክሲ ውስጥ ሰማሁት። እንዲህ ያለው ነገር አሁንም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግ፣ ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጥ፣ ሠራተኛውም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መብት ያለው ነው። ያለ ደመወዝ «ትንሽ እንይህ» ማለት የሙከራ ጊዜ አይባልም። ለፈተና የሚሠራ ናሙና አጭር ይሁን፤ ሲላክም «ያለ ፈቃዴ አይሰራጭም» የሚል መስመር ይጻፍበት።

ቀጣሪዎችን የምጠይቀው ገንዘብ አያስወጣም። ለፈተና የምትጠሩትን ሰው ምን ምን እንደምትፈትኑትና ለየትኛው ስንት ነጥብ እንደምትሰጡ ስትደውሉለት ንገሩት፤ ለዘመዳችሁ የምትነግሩትን ለሁሉም ንገሩ ማለት ነው። ኮሚቴው ውስጥ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጎን ሥራውን በየቀኑ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ይቀመጥ። ላላለፈውም የት እንደወደቀ በአንድ መስመር አሳውቁት፤ ትርጉሙ ላይ ይሁን፣ ንባቡ ላይ ወይስ ቃለ መጠይቁ ላይ። አመልካቾችም ውጤታችሁን ጠይቁ፤ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዝም ቢሏችሁም ለሚቀጥለው ፈተና ስትሄዱ ደግማችሁ ጠይቁ።