ነጭ የማይቀድምበት ሰንጠረዥ

ከድሬዳዋ ወጣ ብላ ባለችው መልካ ጀብዱ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ፈልገው ዳማ የሚገጥሙ አይጠፉም። ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ በፊቱ፣ የሌላው በጀርባው ተገልብጦ ይደረደራል። ታዲያ ከሁሉ በፊት ክርክር አለ፦ «ማን ይጀምር?»

ቼስ ይህን ክርክር በሕግ ዘግቶታል፤ ነጭ ይጀምራል። ጥቁር ከመነሻው አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው፤ «መከላከያ» የሚባሉት አከፋፈቶች የተወለዱትም ከዚሁ ነው። በ1858 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ፖል ሞርፊ ነጭ ይዞ ተቀመጠ። የብራንስዊክ መስፍንና አንድ ኮንት እየተመካከሩ በጥቁር ገጠሙት፤ የመረጡትም የፊሊዶርን መከላከያ ነው። የመሐሉን ወታደር በሌላ ወታደር መደገፍ ጠንካራ ይመስላል፤ ችግሩ ከኋላ ያለው ጳጳስ መውጫ ያጣል። ሞርፊ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ አውጥቶ፣ ንግሥቲቱን ጭምር ሰውቶ፣ በ17ኛው እርምጃ ቼክሜት አለ። ያን ጊዜ የጥቁር አንድ ጳጳስና አንድ ግንብ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም።

በእኛ የጥንት ቼስ፣ በሰንጠረዥ፣ ቢሆን ኖሮ ጥቁር «ሁለተኛ ጀመርኩ» የሚል ሰበብ አይኖረውም ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ ጨዋታውን ገልጾታል። ቤቶቹ 64 ናቸው፤ ግን ነጭና ጥቁር የለም፣ ቀይ ጨርቅ ላይ የተሰመረ መስመር ብቻ። ንግሥትም የለችም። ከንጉሡ ጎን ያለው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል፤ ፊል ማለትም ዝሆኑ በሰያፍ ሁለተኛው ቤት ላይ ዘሎ ያርፋል። ወታደሩ መደቅ፣ ግንቡ ደር ይባላል።

ዋናው ልዩነት ግን ወረራ በሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ላይ ነው። ተራ የለም! ሁለቱም እጃቸው እንደፈጠነ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን መልሶ ያስተካክላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው ተራ የሚጀምረው። ጥያቄው «ማን ይጀምር» መሆኑ ቀርቶ «ማን ይብላ» ይሆናል።

አጨራረሱም ክብር አለው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እምብዛም አያስወድስም፤ በፊል፣ በፈርዝ ወይም በመደቅ ሲሆን ነው ሙያው። ሞርፊ የጨረሰው በግንብ ነው። ሰንጠረዥ ወዳዱ የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ቢያዩት «ደህና» ብለው የሚያልፉት ይመስለኛል።